ዐዋጁ ሳይሻር፦ የኢሜይል ትልን በእጅ ስለ ማውጣት

በዚህ ዘመን ከተፈጠሩት የእጅ ጥበቦች መካከል ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ሊረሳ የተቃረበ አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም በኢሜይል የመጣ ትል የገባበትን የቤት ኮምፒዩተር፥ ያለ አንዳች አንቲቫይረስ እገዛ፥ መዝገቡን በዐይን አንብቦ፥ ፋይሉን በእጅ ለይቶ፥ ባለቤቱ ካከማቸው ጽሑፍ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትጠፋ ማንጻት ነው። ብዙ ሰው ለዚህ ችግር የሚያውቀው መፍትሔ ሁሉን የሚደመስሰውን «ፎርማት» ብቻ ስለ ሆነ፥ ደዌውን ከሕመምተኛው ጋራ አብሮ የሚቀብር ሰው እንደ ፈውስ ዐዋቂ ተቈጥሮ ሲመሰገንና ዋጋ ሲከፈለው ባየሁ ቍጥር አዝናለሁ። ቫይረስ በሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ እንደሚኖር፥ ትል ግን ራሱን ችሎና ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንደሚጓዝ አንባቢ ያውቀዋልና አላትትበትም።

ለትውውቅ የመረጥሁት ሰርካም የተባለውን ትል ነው። በ1993 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 ጁላይ፥ ታየ፤ መኖሪያውም በዚያን ጊዜ በየቤቱ በነበሩት በዊንዶውስ 95፥ በ98 እና በሚ ላይ ነበረ። ከእርሱ አንድ ዓመት አስቀድሞ የመጣውና የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ዓለምን ያስጨነቀው ትል የሰውን ሥዕል ያበላሽ ነበር፤ ሰርካም ግን የባለቤቱን የራሱን ሰነድ ከፎልደሩ መርጦ፥ ራሱን ከዚያ ጋራ አጣብቆ፥ በባለቤቱ ስም ለወዳጆቹ ይልከው ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ወይም በስፓኒሽ ደኅንነትን ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜም ምክርህን እንድትሰጠኝ ይህን ልኬልሃለሁ ይላል፤ በመጨረሻም አመስግኖ ይሰናበታል። ምክር የተጠየቀ ሽማግሌ ዝም ማለት ነውር ይመስለዋልና፥ ትሑታንና ቅን ሰዎች መጠቃታቸው አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ግድ የለሾችን ጥቂት ልገሥጻቸው እወዳለሁ። «ላኪውን ስለማውቀው ከፈትሁት» የሚል ሰው፥ ትሉ አድራሻን ከወዳጅ የአድራሻ ደብተር ጭምር እንደሚለቅምና ከዚህም የተነሣ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ከሚታወቅ ሰው እንደሚመጣ አላስተዋለም። የተላከው ፋይል «ዶክ»ን ከመሰለ ቅጥያ በኋላ «ፒፍ» ወይም «ባት» ወይም «ኮም» የሚል ሁለተኛ ቅጥያ አለው፤ ዊንዶውስ ግን የመጨረሻውን ቅጥያ ይሰውራል። ይህን መሰወሪያ ከምርጫው ውስጥ ገብቶ ማንሣት የእያንዳንዱ ባለቤት ግዴታ ሲሆን፥ «ፒፍ» ግን መሰወሪያው ተነሥቶለትም እንኳ የማይታይ ስለ ሆነ፥ የተላከው ጽሑፍ ላኪው ሊልከው ቃል የገባው መሆኑን በስልክ መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን እኔን ከሁሉ አብልጦ ወደሚያስደንቀኝ፥ ሰዎችም ከሁሉ አብልጠው ወደሚሳሳቱበት ነገር እመጣለሁ። ስሕተቱ «የትሉን ፋይል ካጠፋሁ ትሉ ጠፋ» የሚለው ነው። ሰርካም ራሱን በሁለት ቦታ ይገለብጣል፤ አንደኛው ቅጂ «ስካም32» ተብሎ በዊንዶውስ የሲስተም ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው «ሰርሲ32» ተብሎ፥ የተጣሉ ፋይሎች በሚከማቹበትና ማንም በማይፈትሸው ስውር የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ ይሸሸጋል። ከዚያ በኋላ ሬጂስትሪ በሚባለው በዊንዶውስ መዝገብ ገብቶ አንዲት መሥመር ይለውጣል፤ ይህችም መሥመር «ኤግዚ» የሚል ቅጥያ ያለው ማናቸውም ፕሮግራም ሲጠራ እንዴት እንደሚከፈት የምትደነግገዋ ናት። መሥመሪቱ በጤናዋ ጊዜ ይህን ብቻ ትላለች፦ "%1" %* ። ትርጓሜዋም «የተጠራውን ፕሮግራም ራሱን፥ ከተሰጠው ትእዛዝ ጋራ ክፈት» ነው። ትሉ ከፊቷ የራሱን ስም ሲጽፍባት፥ «የተጠራውን ሁሉ በሰርሲ32 በኩል ክፈት» ወደሚል ድንጋጌ ትለወጣለች።

እንግዲህ ይህ ትል በመንገድ ላይ አድብቶ የሚጠብቅ ሽፍታ ሳይሆን፥ በዐዋጅ የተሾመ እልፍኝ አስከልካይ ሆኖአል ማለት ነው። ወደ ጌታው ሊገባ የወደደ ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ እርሱም እያሳለፈ በመንገዱ የራሱን ጉዳይ ይፈጽማል። ዐዋጁ ሳይሻር እልፍኝ አስከልካዩን የገደለ ሰው በሩን ለዘለዓለም ዘጋው እንጂ አልከፈተውም፤ የሚያስገባ የለምና። ካልኩሌተሩን ብትጫን፥ ጽሑፍ መጻፊያውን ብትጫን፥ ዊንዶውስ «ሰርሲ32 አልተገኘም» እያለ ይመልስሃል። እጅግ የሚያስጨንቀው ደግሞ ዐዋጁን ሊሽር የሚችለው «ሬጅኤዲት» የተባለው የመዝገብ ማረሚያ ራሱ «ኤግዚ» ስለ ሆነ አብሮ ተዘግቶ መቅረቱ ነው።

ይህን በዐይኔ ያየሁት በአዲስ አበባ፥ በሰፈራችን የእድር ጸሐፊ ቤት ነው። እኒህ ጡረታ የወጡ መምህር የእድሩን መዝገብ በኮምፒዩተር የጻፉ ሲሆን፥ አንድ የጥገና ቤት ወጣት መጥቶ ፋይሉን አጥፍቶ፥ ምንም አልከፈት ሲለው «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎአልና ፎርማት ይሁን» ብሎአቸው ሄዷል። በገባሁ ጊዜ መምህሩ በማሽኑ ፊት ተቀምጠው «ልጄ፥ የሰባት ዓመት መዝገብ ነው፤ የሞቱትም ያሉትም እዚያው ናቸው» አሉኝ። «መምህር፥ መዝገቡ አልተነካም፤ የተበላሸችው አንዲት መሥመር ናት» አልኋቸው።

አወጣጡም እንዲህ ነው። አስቀድሞ የስልኩ ሽቦ ከሞደሙ ይነቀላል። ማሽኑ ዊንዶውስ ሚ ከሆነ፥ የቀድሞውን ሁኔታ የሚያስቀምጠው ክፍል ትሉንም አብሮ ሊያስቀምጠው ስለሚችል ይዘጋል። ከዚያ በኋላ «ኮማንድ» ተብሎ የዶስ መስኮት ይጠራል፤ ይህ ፕሮግራም ቅጥያው «ኮም» እንጂ «ኤግዚ» አይደለምና የትሉ ዐዋጅ አይመለከተውም፥ ያለ ከልካይም ይከፈታል። በዚያ መስኮት ሬጅኤዲት «ሬጅኤዲት.ኮም» በሚል ስም ይገለበጣል። ውስጡ ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ፤ በስሙም መለወጥ ምክንያት ዐዋጁ አላወቀውም፥ ተከፈተም። የስም ለውጥ ብቻ የተዘጋ ቤት ሲከፍት ያየሁበትን ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የዊንዶውስ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ከመሥመሪቱ የትሉ ስም ብቻ ይፋቃል፤ ሁለቱ ትእምርተ ጥቅስ፥ ሁለቱ የመቶኛ ምልክቶች፥ ቍጥሯና ኮከቧ፥ በመካከላቸውም ያለው ክፍት ቦታ እንዳሉ ይቀራሉ። ክፍት ቦታዋን የዘነጋ ሰው ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል። ማሽኑ ሲነሣ ትሉን የሚያስነሣው «ድራይቨር32» የተባለው ቃል፥ በትሉም ስም የተከፈተው ቁልፍ ይሰረዛሉ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ፥ በዚያን ጊዜ ብቻ፥ በዶስ መስኮት ስውርነታቸው ተነሥቶ ሁለቱ ፋይሎች ይጠፋሉ። «አውቶኤግዜክ» የተባለው የመነሻ ፋይልም ትሉን የሚጠራ ቃል እንዳይኖርበት ይነበባል። መምህሩ የእድሩን መዝገብ ከፍተው የመጀመሪያውን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ሰርካም ፖስተኛውን በውስጡ ይዞ የሚጓዝ ስለ ሆነ፥ የላከው ደብዳቤ በባለቤቱ የተላኩ መልእክቶች ሣጥን ውስጥ አይገኝም፤ ሆኖም የለቀማቸውን አድራሻዎች በሲስተም ፎልደር ውስጥ፥ «ኤስሲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት በሚጀምሩና የ«ዲኤልኤል» ቅጥያ በያዙ ፋይሎች ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ይህን ሥራ የምትሠራ አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ፋይሎች ከማጥፋትህ በፊት በጽሑፍ መጻፊያ ከፍተህ አንብባቸው፤ በውስጣቸው ላሉት ሰዎችም ስለ ደረሳቸው ነገር ንገራቸው። የእድራችን ጸሐፊ ዝርዝሩን በእርሳስ ገልብጠው በማግሥቱ ከጧት ጀምረው ለሚያውቋቸው ሁሉ ደወሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ደብዳቤውን ገና አልከፈቱትም ነበር።