ሳይነኩ ስለ መለካት፤ የብረት ገጽ ልስላሴ በብርሃን እንዴት እንደሚመረመር

የሞተር መለዋወጫ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ በዕቃው ወረቀት ላይ «አር ኤ 0.4» የሚል ጽሑፍ አይቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር የብረቱ ገጽ ጉብታና ጎድጓዳ ከመካከለኛው መሥመር በአማካይ ስንት ማይክሮን እንደሚርቅ ይናገራል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው።

ነባሩ መለኪያ ጫፉ አልማዝ የሆነ መርፌ ነው፤ በ1941 በፈረንጅ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር የወጣው ታሊሰርፍ በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀ ነው። መርፌው በገጹ ላይ እየተጎተተ ሲወጣና ሲወርድ ይመዘገባል። ነገር ግን ጫፉ ምንም ቢቀጥን ሁለት ማይክሮን ያህል ድቡልቡልነት ስላለው እጅግ ጠባብ ወደሆነው ጎድጓዳ አይገባም። በለስላሳ ብረት ላይም ጭረት ሊተው ይችላል፤ በአንድ ጉዞ የሚያነበውም አንድ መሥመር ብቻ ነው።

በብርሃን የሚሠራው መሣሪያ ግን ዕቃውን ከቶ አይነካውም። ከአሠራሮቹ አንዱ ይህ ነው፤ ነጩ ብርሃን ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ ዕቃው፣ ሌላው እጅግ ወደ ለሰለሰ መስተዋት ይላካል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ፣ የሄዱበት መንገድ እኩል በሆነበት ስፍራ ጥቁርና ብሩህ መሥመሮች ጎልተው ይታያሉ። መሣሪያው ቀስ በቀስ ከፍታውን እየለወጠ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ መሥመሮቹ የጎሉበትን ከፍታ ይመዘግባል። በዚህም ገጹ እንደ ተራራማ አገር ካርታ ሆኖ ይወጣል፤ የማይክሮን ሺኛ የሆነ የከፍታ ልዩነት እንኳ ሊለይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ነጋዴውን ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ሁለት ሲሊንደሮችን ያስብ። የአንደኛው ገጽ ሹል ጉብታ የበዛበት ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ሜዳ ሆኖ ቀጫጭን ጎድጓዳ አለው። የሁለቱም አር ኤ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይለይምና። ነገር ግን የፊተኛው የፒስተኑን ፋሻ ይበላል፤ የኋለኛው በጎድጓዳው ዘይት ይዞ ሞተሩን ያኖራል። ዋጋቸው እኩል ቢሆን፣ ከሳሪው ገዢው ነው። ካርታው ግን ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

ብርሃንም ጉድለት አለው። በጣም በተዳፋ ግድግዳ ላይ ያረፈው ጨረር ወደ መሣሪያው አይመለስም፤ በገጹ ላይ የቀረ የዘይት ሽፋንም ሐሰተኛ ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም አንዱን ዕቃ ሻጭ በመርፌ፣ ገዢ በብርሃን ለክተው የማይስማማ ቁጥር ቢያገኙ ሁለቱም ሳይዋሹ ሊከራከሩ ይችላሉ። ስለዚህ በማዘዣው ደብዳቤ ላይ ከቁጥሩ ጋር የመለኪያው ዓይነት ይጻፍ፤ ለሲሊንደርም የገጹ ካርታ አብሮ እንዲላክ ይጠየቅ።