ከከብት ጋር ማደር ያሳፍራል እንዴ?

ሚላኖ የምትሠራ ጓደኛዬ፣ አያቷ ቤት ሰውና ከብት አብረው እንደሚያድሩ ለሰው ማውራት ታፍር ነበር። ባለፈው ሐምሌ እዚያው ጣሊያን፣ ከሞንቴ ሮዛ ተራራ (4634 ሜትር) ግርጌ ወዳለችው አላኛ መንደር ይዛኝ ሄደች። እኔማ «የአዲስ አበባ ልጅ ዳገት አይፈራም» ብዬ በሸራ ጫማ! ተረከዜ ተላጠ። እናንተ ስትሄዱ ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ።

መውጣቱን ትተን የዋልሰሮችን ሙዚየም አየን። ዋልሰሮች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከስዊዘርላንድ በኩል ተሻግረው የሰፈሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቤቱ የ1628 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ በረንዳው ድርቆሽ ማድረቂያ። ከታች በረት አለ፤ ብርዱ ሲጠና ሰዉም በላሞቹ ሙቀት እዚያው ይከርም ነበር።

ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆየችና «ከፍለን የገባነው ይህን ለማየት ነው?» አለች።

ማታ አያቷ ጋ ደወለች።