ያገለገለች የስፖርት መኪና ለመግዛት ስታስብ

አንባቢ ሆይ! ደመወዝ በወጣ ማግሥት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሳንጃ ከተማ ከአውራው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠሃል እንበል። ፀሐዩ የቆላ ፀሐይ ነው። ሰሊጥ የጫኑ የጭነት መኪናዎች፣ አውቶቡሶችና ባጃጆች አቧራ እያስነሡ ያልፋሉ። በመካከሉ ከጐንደር በኩል አንዲት ቀይ፣ ወደ ምድር ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ሰፋ ያለ መኪና ብቅ ትላለች። ከኋላ መስተዋቷ ላይ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሻይህ ከእጅህ ላይ ይቀዘቅዛል። አምስት ዓመት ሙሉ በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምከው ገንዘብ በኪስህ ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምኞትህን ለማጥፋት አይደለም። በወጣትነት ፈጣንና ቆንጆ መኪና መመኘት የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሰው የመጀመሪያዋን መኪናውን ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ቀለሟን አስቀድሞ ያያል፣ ሞተሯን ቀጥሎ ያያል፣ ወረቀቷን ቸኩሎ ያያል፣ የሚነዳበትን መንገድ ግን ጨርሶ አያስብም። እኛ የምንመክርህ ቅደም ተከተሉን እንድትገለብጠው ነው። መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ በመጨረሻ ቀለሙን ተመልከት።

እኔ ራሴ ይህን ምክር የተማርኩት በነፃ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደዚህችው ያለች ቀይ መኪና ጐንደር ላይ አመሻሽ አየሁና በማግሥቱ ገዛኋት። ገንዘቡ ስላልሞላልኝ በላይ አርማጭሆ ገጠር የምትኖር ታላቅ እኅቴ ሁለት በሬዎቿን ሸጣ አበደረችኝ። እርሻ ሳይደርስ እንድመልስላት ቃል ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሳንጃ ወደ ጐንደር ስመለስ፣ ትክል ድንጋይ ሳልደርስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ እንደ ጀበና ፈላች። ጋራዥ ተጎትታ ስትፈታ ቴስታታው ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተለስኖ ተገኘ። ያሻሻጠኝን ደላላ ብደውል ስልኩ አይነሣም። መኪናዋ ጐንደር ጋራዥ ውስጥ፣ እኔ ሳንጃ ቢሮዬ ውስጥ፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆነ። የእርሻው ወራት ሲደርስ እኅቴ ከጎረቤት በሬ ለምና አሳረሰች። አልተቆጣችኝም። «ወንድምዓለም፣ አንተ እኮ የገዛኸው ቀለም ነው» ብቻ አለችኝ።

የስፖርት መኪና ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የስፖርት መኪና ማለት ድምፅዋ የሚያስተጋባና ኃይሏ የበዛ መኪና ማለት ይመስለዋል። የሙያው ሰዎች ግን ከኃይል ይልቅ ቅለትንና ሚዛንን ያስቀድማሉ። ለምሳሌ የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣት ኤምኤክስ 5 የምትባለው ባለሁለት ወንበር መኪና ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ፣ ክብደቷም ከ1000 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ይሁን እንጂ ከዓይነቷ በዓለም ላይ በሽያጭ አንደኛ ለመሆን በቃች። ምሥጢሩ ቀላል መሆኗ፣ ክብደቷ በፊትና በኋላ እኩል መደልደሉ፣ ኃይሉም በኋላ ጎማዎች መዞሩ ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለችውን መኪና ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ብትገኝም መለዋወጫዋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የኢትዮጵያ ወጣት የራሱን መፍትሔ አበጀ። ይኸውም «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ይህች መኪና ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ስትሆን፣ ዲኤክስ የሚለው ስምም «ዴሉክስ» ከሚለው ያጠረ ነው። የተሠራችው ለቤተሰብ ነው። ይሁን እንጂ ቀላል ናት፤ የምትነዳውም በኋላ ጎማ ነው። ከእርሷ በኋላ የመጣው ትውልድ በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ሲለወጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጡት ሌቪንና ትሩኖ የተባሉት የስፖርት ኮሮላዎች ግን የዲኤክስን የኋላ ጎማ አሠራር ይዘው ቀሩ፤ በእሽቅድምድምም ስም አወጡ። እንግዲህ በየከተማው ዲኤክስን ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ጎማ አልብሰው፣ አዲስ ቀለም ቀብተው የሚነዷት ወጣቶች ያለ ምክንያት አልመረጧትም። ዝርያዋ የስፖርት ነው።

ስሕተት ዛሬ ለምን ይበልጥ ያስከፍላል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንዲገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ዲኤክስንም ሆነ ሌላ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው አስቀድመው ከገቡት መካከል ነው። እነዚህ ደግሞ በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ዋጋቸው ግን አብሮ አያረጅም። አርባ ዓመት ያለፋትን መኪና ስትገዛ የምትገዛው ፋብሪካው የሠራውን ብቻ ሳይሆን፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያለፉባትን ሜካኒኮች ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።

መንገዱን አስቀድም

ጐንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሳንጃ ግን ቆላ ናት። በዚህ ልዩነት ምክንያት መኪናህ ሦስት ፈተና ይገጥማታል።

አንደኛው አየሩ ነው። ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ዲኤክስን የመሰለች ባለካርቡራተር መኪና ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛባትና ጥቁር ጢስ ታወጣለች፤ ሜካኒኩም ቤንዚኑን ይቀንስላታል። እንደዚያው ሆና ወደ ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሳትና ሞተሯ ይግላል። ስለዚህ ጐንደር የነበረችን መኪና ሳንጃ ላይ ልትነዳ ከሆነ ካርቡራተሯን አስመርምር።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ጐንደር ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር በክዳኑ ግፊት ስለሚይዘው ነው ቶሎ የማይፈላው። ክዳኑ ካረጀ ወይም ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ዳገት የምትወጣ መኪና ውኃዋን ትተፋለች። የእኔዋን የገደላት ይህ ነው።

ሦስተኛው ፍሬኑ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ ፍሬን ደጋግመህ ከረገጥክ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ስትወጣው የምትጠቀምበትን ማርሽ ስትወርደውም ተጠቀምበት። ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ማርሹን ዜሮ አድርገህ አትውረድ።

ከዚህም ሌላ ሥራህ ከአውራው መንገድ ወጥተህ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያስኬድህ ከሆነ፣ ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ የተደረገች መኪና አትሆንህም። በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ሆዷን፣ በመጀመሪያው ክረምት ደግሞ ክብርህን ትተዋለህ። ዝቅ የተደረገችዋን ከወደድካት የቀድሞው ሞላ አብሮ እንዲሰጥህ ጠይቅ።

ሞተሩን ማለዳ እይ

ወደ ገበያው ከመሄድህ በፊት የሜካኒኮችን ቋንቋ ጥቂት ልመድ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሉን የማያውቅ ገዢ ዋጋውንም እንደማያውቅ ይቆጠራል።

መኪናዋን ማየት ያለብህ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። አስቀድመህ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ። ሞቆ ካገኘኸው ሻጩ በብርድ የምታሳየውን ጠባይ ሊደብቅብህ አስነሥቷት ይሆናል፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጥክ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን እይ። የሞተሩን ዘይት መሙያ ክዳንም ገልብጠህ ተመልከት፤ ወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ሊሆን ይችላልና ተጠንቀቅ።

ከዚያ አስነሣትና ጢሱን እይ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደምትበላ ይነግርሃል። ጥቁር ጢስ ቤንዚን እንደበዛባት ያመለክታል። ነጭ ጢስ በማለዳ ጥቂት ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነውና ተሰናብተህ ሂድ።

ገላዋን በጣትህ አንኳኳ። ቆርቆሮው እንደ ቆርቆሮ ካልጮኸ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ትንሽ ማግኔት በኪስህ ብትይዝ ደግሞ ይበልጥ ይረዳሃል፤ ስቱኮ ማግኔት አይስብምና። ጎማዎቹ ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። «2319» የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜው ሊሞት ስለሚችል ይህን ሳታይ አትለፍ።

በመጨረሻ ዳገት ላይ ንዳት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ካምቢዮው ማርሽ ሲለወጥ ከተፋጨ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ የፍሬኑ መርገጫ እየሰመጠ ከሄደ፣ እያንዳንዱን ጻፍና ዋጋ ስትከራከር አንሣው። ሜካኒክ ይዘህ ስትሄድም የራስህን ይዘህ ሂድ፤ ገንዘቡንም አንተው ክፈለው። ደላላው ኮሚሲዮኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና የእርሱን ሜካኒክ እንደ ዳኛ አትቁጠር።

ወረቀቱን በቀን ብርሃን አንብብ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ። መኪናዋ ከተመዘገበችበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሂድና የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለባት ጠይቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል በስምህ ልትዞር እንደማትችል ዕወቅ። ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን መድኗ ያላለፈበት መሆኑንም ተመልከት።

ሁሉንም ካየህ በኋላ አንድ ወጥመድ ይቀራል። አንዳንድ ሻጭ የስም ዝውውሩን ወጪና ድካም ለመሸሽ «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ በእርሱ ንዳ» ይልሃል። ወካዩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው አብሮት ይቀራል። ያን ጊዜ ገንዘብ የከፈልክባት መኪና በሟች ስም ትሆንና ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። ስለዚህ ስመ ንብረቱ ወደ ስምህ ሳይዞር ሙሉውን ገንዘብ አትስጥ።

ካለህ ገንዘብም ሁሉንም በዋጋው ላይ አታውል። አንድ አምስተኛውን ያህል ለዝውውር፣ ለመድን፣ ለዘይት፣ ለጎማና ለፍሬን አስቀር። መኪና ገዝቶ ቤንዚን የሚበደር ሰው መኪና አለው አይባልም።

የእኔን ነገር ልጨርስልህ። የተበላሸችዋን መኪና በኪሳራ ሸጬ፣ የእኅቴን ዕዳ በሁለት ዓመት ከፈልኩ። ከብዙ ቁጠባ በኋላ ሦስት ማለዳ ተመላልሼ ያየኋትን፣ ቀለሟ የደበዘዘ ነጭ ዲኤክስ ገዛሁ። ይህችን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እኅቴ ነው። ኮፈኗን በመዳፏ ዳሰሰችና «ይህችስ ቀለም የላትም» ብላ ሳቀች። መኪናዋ ግን ያን ዳገት ወጣችው፤ በማግሥቱም ወረደችው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶች። የቀዘቀዘውን ሻይህን ጠጣ። ከዚያ ተነሥተህ ወደ ቀይዋ መኪና ባለቤት ሂድና በትሕትና ሰላምታ ስጠው። ዋጋዋንም ገና አትጠይቀው። «ጌታዬ፣ ነገ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ እመጣለሁ፤ ሊብሬውንም አዘጋጅተው ይጠብቁኝ» በለው። እሺ ካለህ ምናልባት መኪና አግኝተሃል። ሰበብ ካበዛብህ ደግሞ የእኅትህን በሬዎች አትርፈሃል።