ጥሩ ቡና ከምጣዱ በፊት ይጀምራል

በጅማም ሆነ በሌላው ቡና አብቃይ አካባቢ ገበሬው ደህናውን ለገበያ አውጥቶ ከዛፍ ሥር የተለቀመውን ለቤቱ ማስቀረቱ የተለመደ ነው። ቡናው አፈር አፈር ሲል ግን የሚወቀሱት ያፈሉት እናት ናቸው። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ የአደራረቁ ነው። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ እሸት የአፈሩን እርጥበትና ሽታ ይስባል፤ ይሻግታልም፤ ሽታው ምንም ያህል ቢቆሉት አይለቅም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች፣ የቤቱም ቡና ቢሆን ቀይ ቀዩ ተለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ፣ ሌሊት እየተሸፈነ እንዲደርቅ አባሎቻችሁን አሳስቡ። ቀርከሃ ባለበት ቀበሌ ወጪው ከጉልበት አያልፍም። ጀንፈሉ በእፍኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል፤ የፍሬው እርጥበትም 12 በመቶ ገደማ ይሆናል። አቆላሉን እናቶች ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።