ድጓ፦ የልደት ዜማ የተጻፈበት መጽሐፍ

የፈረንጆችን የገና መዝሙር መጽሐፍ ስትገልጡ ከግጥሙ በላይ በአምስት መስመር ላይ የተደረደሩ ኖታዎች ታያላችሁ። ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀቱ ላይ ያዜመዋል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን የልደትን ዜማ በጽሑፍ ይዛለች፤ አጻጻፉ ግን ፍጹም ሌላ ነው። በኤምሬቶች፣ በዓል ዓይን ከተማ፣ በፈላጅ ሃዛም ሆነ በሌላው ሰፈር ገናን ሥራ ላይ እየዋላችሁ ማሕሌቱን በስልክ የምትከታተሉ፣ ከሊቃውንቱ ድምፅ ጀርባ ያለውን ድጓን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የዓመቱን በዓላት ይከተላል፤ ልደት የሚመጣው ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ከተባሉት እሑዶች በኋላ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ ከተባሉት የዜማ ዓይነቶች አንዱ ይሆናል።

ብራናው ላይ ከቃሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተሰድረዋል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንቱ የድምፁን አካሄድ ይመራሉ። ከእነሱ ሌላ ከ500 የሚበልጡ የፊደል ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱ ከአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ ቃል ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ነውና፣ «ይህንንም እንደዚያኛው አዚመው» ይላል። ያንን ሐረግ ከመምህር አፍ ተቀብሎ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ፊደሉን ቢያነብም ዜማውን አያገኘውም። እኔ ይህን ጉድለት አልለውም፤ መጽሐፉና መምህሩ እንዳይለያዩ ያደረገው ይኸው ነው።

ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው የተቃጠሉበት ጊዜ ገና ሩቅ አልነበረም። የሁለቱ አዛዦች ስም ከቤተ ክህነት ውጭ እምብዛም አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

የድጓ ማስመስከሪያ፣ ማለትም ተማሪው ትምህርቱን አጠናቆ የሚመሰከርለት ቦታ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም ናት። ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ ቃሉንና ምልክቱን ያቀናል፤ በቀደመው ልማድ የራሱንም ድጓ በእጁ ይጽፋል።

ዘንድሮ ማሕሌቱን ስትሰሙ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ የሚባለውን ቁም ዜማ ለዩት፤ ምልክቶቹ የሚመሩት እሱን ነው። ከዚያ በመቋሚያ ዝማሜው፣ በከበሮና በጸናጽል መረግዱ፣ በጭብጨባ ጽፋቱ ይከተላል፤ ያ ራሱን የቻለ የአቋቋም ትምህርት ነው።