የሊሊ ልጅ
ክፍል ሦስት፦ የሦስት ሺህ ዶላር ነፍስ

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው ቀብሩ ላይ ነበር። ለሠርግ የተጠሩት ሰዎች ለለቅሶ መጡ። ያለፈውን ክፍል ላላገኘ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ፤ ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የ27 ዓመቱ ቪንሰንት ቺን ሠርጉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጁን 19 ቀን 1982 ማታ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዲትሮይት አጠገብ ሃይላንድ ፓርክ ወደሚገኝ ጭፈራ ቤት ሄደ። እዚያ ከሮናልድ ኢበንስና ከእንጀራ ልጁ ከማይክል ኒትዝ ጋር ተጣላ። ከጭፈራ ቤቱ ከወጡ በኋላ ሁለቱ በመኪና ሲፈልጉት ቆይተው ዉድዋርድ ጎዳና ላይ፣ ማክዶናልድ ደጃፍ አገኙት። ኒትዝ ያዘው፣ ኢበንስ በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን ደጋግሞ መታው። በቦታው የነበሩ ሁለት ፖሊሶች በዓይናቸው አይተዋል። ቪንሰንት ራሱን ከመሳቱ በፊት የተናገረው «አግባብ አይደለም» የሚል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ አረፈ።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ።

ማርች 16 ቀን 1983፣ ዌይን ካውንቲ ፍርድ ቤት። ዳኛው ቻርልስ ካውፍማን ናቸው። መጀመሪያ የቀረበው ክስ የሁለተኛ ደረጃ ግድያ ነበር፤ ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረገ ስምምነት ግን ወደ ቀላሉ የሰው መግደል ወንጀል ወረደ። ኢበንስ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ኒትዝ አልከራከርም አለ። በሚሺጋን ሕግ ይህ ወንጀል እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ዳኛው የፈረዱት ግን የሦስት ዓመት ፕሮቤሽን፣ 3,000 ዶላር መቀጮና 780 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ነው። አንድም ቀን እስር የለም። ሰዎቹ ሥራ ያላቸው፣ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የሌለባቸው በመሆናቸው ወህኒ የሚላኩ ዓይነት አይደሉም፤ ቅጣት የሚመዘነውም በወንጀሉ ሳይሆን በወንጀለኛው ነው ሲሉ ዳኛው ምክንያታቸውን አስረዱ።

በዚያ ቀን ዐቃቤ ሕጉ ችሎት አልተገኘም። የሟች እናት ወይዘሮ ሊሊ ቺንም ቀኑን የነገራቸው ሰው ስለሌለ አልመጡም። ዳኛው በዓይናቸው ያዩት ገዳዮቹን ብቻ ነው፤ ያዘኑትም ላዩት ሆነ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን አብዝቶ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የቪንሰንት ሕይወት በተመዘነበት ክፍል ውስጥ ስለ ቪንሰንት የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ወይዘሮ ሊሊ ማን ናቸው? በ1948 ከቻይና ሙሽራ ሆነው መጡ። ባለቤታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ባልና ሚስቱ በልብስ ንጽሕና ቤት ሲሠሩ ኖሩ። መውለድ ስላልቻሉ በ1961 የስድስት ዓመት ሕፃን ከቻይና አምጥተው አሳደጉ። ቪንሰንት እሱ ነው። ባልየው በ1981 ሞቱ። በተከታዩ ዓመት ልጃቸው ተገደለ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ ጎናቸው ባዶ የሆነ መበለት ብቻቸውን ቀሩ።

ዘመኑ ለዲትሮይት ክፉ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲንር ገዢው ወደ ትንንሾቹ የጃፓን መኪኖች ዞረ፤ ክራይስለር ከመንግሥት የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና አግኝቶ ነው ከመውደቅ የተረፈው። ሠራተኛው በገፍ ተባረረ። ሰዎች ተሰብስበው የጃፓን መኪና በመዶሻ ይሰባብሩ ነበር፤ ፖለቲከኞችም ጣታቸውን ወደ ቶኪዮ ቀሰሩ። ቁጣው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ጃፓን መድረስ አይችልምና በመንገድ ባገኘው እስያዊ ፊት ላይ አረፈ። ቪንሰንት ቻይናዊ ነው፤ ከዚያም በላይ በአሜሪካ ያደገ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ኢበንስ ደግሞ በክራይስለር ፋብሪካ ኃላፊ ነበር እንጂ ሥራ አጥ አልነበረም።

የፍርዱ ወሬ በጋዜጣ ሲወጣ ካነበቡት አንዷ ሔለን ዚያ ነበረች። የቻይና ስደተኞች ልጅ ናት። የሕክምና ትምህርቷን አቋርጣ ዲትሮይት ገብታ በክራይስለር ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ በዚያው ቀውስ ከተቀነሱት ጋር ተቀንሳ ጋዜጠኛ የሆነች ወጣት ነች። እንጀራዋን ያጣችው ገዳዮቹን አስቆጣ በተባለው በዚያው ምክንያት ነው። እሷ ግን ዱላ አላነሳችም፤ ስልክ አነሳች።

ማርች 20፣ ፈርንዴል ውስጥ ጎልደን ስታር የሚባል የቻይና ምግብ ቤት። ቪንሰንት በሳምንቱ መጨረሻ በአስተናጋጅነት ይሠራበት የነበረው ቤት ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ጠበቆች ነበሩ፤ ሕጉን ስለሚያውቁ ተስፋ አልሰጡም። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ዳኛን ቅጣት አክብድ ማለት እንደማይቻል አስረዱ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የወይዘሮ ሊሊ ልቅሶ ይሰማ ነበር። ከዚያ እናትየዋ ብድግ አሉና፣ የልጃቸው ገዳዮች በነፃ መሄዳቸውን ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይገባ በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ። ጠበቃዋ ሊዛ ቻን ጉዳዩን ያዘች።

ይህ መነሣት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። ቪንሰንት ከመገደሉ ልክ መቶ ዓመት በፊት፣ በ1882፣ አሜሪካ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ዘጋች። ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው፤ ያኔም በዓመት የተፈቀደው 105 ሰው ብቻ ነበር። በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ ብዙ ቻይናውያን «እኔ ቻይናዊ ነኝ» የሚል ምልክት ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ በኋላ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ወደ ማጎሪያ ተጋዙ። ቻይናዊው የጃፓኑን መከራ ራቅ ብሎ ማየትን ተለማመደ። ጃፓኑ ከኮሪያው፣ ኮሪያው ከጃፓኑ የቆየ ቂም ነበራቸው። አንገትን ደፍቶ መሥራትና ልጅን ማስተማር የሁሉም መመሪያ ነበር።

የቪንሰንት ሞት ይህን አጥር አፈረሰው። ገዳዩ ፓስፖርት አልጠየቀም። ስለዚህ ማርች 31 ሰዎች እንደገና ሲሰበሰቡ የቻይና ማኅበር ብቻ አላቋቋሙም፤ «የአሜሪካ ዜጎች ለፍትሕ» የሚል ስም ያለው ድርጅት መሠረቱ። ጃፓኖች፣ ኮሪያውያንና ፊሊፒኖዎች ገቡበት። የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናትና የአይሁድ ማኅበራት ከጎናቸው ቆሙ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ዘር የሚለውን ጉዳይ እናንሳው ወይስ እንተወው የሚለው ራሱ አከራከራቸው፤ ካነሣነው ነጩ ይቆጣናል ብለው የፈሩ ነበሩ። የሲቪል መብት ሕግ የወጣው ለጥቁሮች ነው፣ እስያውያንን አይመለከትም የሚሉ የሕግ ምሁራንም ተገኙ። አንድ ሰው በመልኩ ምክንያት ሲገደል በየትኛው ዶሴ እንደሚገባ መከራከር ለእኔ ከድብደባው ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ በደል ነው።

እዚህ ላይ የኛን ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቪንሰንት ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1988፣ ለትምህርት አሜሪካ የሄደው ሙሉጌታ ሥራው በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። እሱም የሞተው በቤዝቦል ዱላ ነው። በ1990 ጁሪ የዘረኞቹን መሪዎችና ድርጅታቸውን 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነባቸው። የወይዘሮ ሊሊን ሐዘን የሩቅ ሰው ሐዘን አድርገን እንዳናነበው ብዬ ነው።

ሜይ 9 ቀን 1983 በዲትሮይት ኬኔዲ አደባባይ ሰልፍ ተጠራ። እስከዚያ ቀን ድምፃቸውን በአደባባይ አሰምተው የማያውቁ ሽማግሎች፣ ኢንጂነሮች፣ የምግብ ቤት ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ወይዘሮ ሊሊ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለልጃቸው ፍትሕ ጠየቁ።

ድርጅቱ አሁን የሚፈልገው የፌዴራል መንግሥት ራሱን የቻለ ክስ እንዲመሠርት ነው። ለዚያ ደግሞ ጠቡ ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በካውፍማን ችሎት ክርክር ስላልተካሄደ ምስክር አልቀረበም። የግል መርማሪ ወደ ጭፈራ ቤቱ ተላከ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ዳንሰኛ ኢበንስ ለቪንሰንት የተናገረውን ሰምታለች፤ እኛ ሥራ ያጣነው በእናንተ ምክንያት ነው የሚል፣ በስድብ የታጀበ ቃል። ቪንሰንት የመኪና ሠራተኛ አልነበረም። «እናንተ» የተባሉት እነማን ናቸው?

በኖቬምበር 1983 የፌዴራሉ ግራንድ ጁሪ ሁለቱንም ከሰሳቸው። በሚቀጥለው ጁን ጉዳዩ ዳኛ አና ዲግስ ቴይለር ፊት ቀረበ፤ በሚሺጋን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፌዴራል ዳኛ ናቸው። የተከላካዮቹ ክርክር አጭር ነበር፦ ይህ የጭፈራ ቤት ጠብ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም። ጁሪው ከዳንሰኛዋና ከተከሳሾቹ ቃል አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ውሳኔው የተሰማው ጁን 28 ቀን 1984 ነው። በአንድ መኪና ቪንሰንትን ያሳደዱት ሁለቱ ሰዎች በዚያ ቀን አንድ ዓይነት ፍርድ አላገኙም። አንዱ ጥፋተኛ ተባለ፣ ሌላው ነፃ ወጣ። የትኛው እንደሆነና ጥፋተኛ የተባለው ሰው ወህኒ ገብቶ እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እንነግራችኋለን።

ይቀጥላል