የቅርጫ ሥጋ ለምን ግትር ይላል? የማዮሲን ንዑስ ፕሮቲኖች ትስስር

በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ ለፋሲካ ቅርጫ የገባ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በሬው ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል አንዳንዱ ብልት ትኩስ እንዳለ ብቻውን ይርገበገባል። ያው ሥጋ ከሰዓታት በኋላ ግትር ይላል። በሬው ሞቷል፤ ታዲያ ጡንቻውን ጨምድዶ የያዘው ምንድን ነው? መልሱ ማዮሲን ነው። ብዙዎቻችን በፈተና ላይ ገልብጠን የምንጽፈውም ይኸንኑ ነው።

አንድ የጡንቻ ማዮሲን ከስድስት ንዑስ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው፦ ሁለት ከባድና አራት ቀላል ሰንሰለቶች። እያንዳንዱ ከባድ ሰንሰለት 220 ኪሎዳልተን ገደማ ሲመዝን ቀላሎቹ 20 አካባቢ ናቸው። የሁለቱ ከባዶች ጭራ እንደ መጫኛ እርስ በርሱ ተገምዷል። የያዛቸው ቋጠሮ እንዳይመስላችሁ። በጭራው ላይ ከየሰባቱ አሚኖ አሲድ 1ኛውና 4ኛው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚሸሹ ስለሆኑ በአንድ ጎን ይሰለፋሉ፤ ከውሃ ለመሸሽም የአንዱ ጎን ከሌላው ጋር ይጣበቃል። በውጭ በኩል ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ እየተፈራረቀ ጎረቤት ማዮሲኖችን ይስባል። እንዲህ እየተደረቡ ወደ 300 የሚሆኑት አንድ ወፍራም ክር ይሠራሉ።

በሌላው ጫፍ ራሱ አለ፤ አክቲንን የሚይዘው፣ ኤ.ቲ.ፒ.ንም የሚሰነጥቀው እሱ ነው። በራሱና በጭራው መካከል ያለው አንገት ቀጭን ነው፤ ሁለት ቀላል ሰንሰለቶች ተጠምጥመው ያጠነክሩታል። ስማቸው ቀላል ይሁን እንጂ ሥራቸው ቀላል አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ሱዛን ሎዊና ባልደረቦቿ ከዶሮ ጡንቻ ማዮሲን ላይ ቀላሎቹን ቢያወጧቸው የአክቲን ክር ፍጥነት በሴኮንድ ከ8.8 ወደ 0.8 ማይክሮ ሜትር ወረደ። የኤ.ቲ.ፒ. ፍጆታው ግን ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም! የማረሻ ማሰሪያ ሲላላ በሬው ይለፋል እንጂ መሬቱ በወጉ አይገለበጥም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ቅርጫው እንመለስ። እኛ "ኤ.ቲ.ፒ. ራሱ አክቲንን እንዲይዝ ያደርጋል" እንላለን። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ኤ.ቲ.ፒ. ሲገባ ራሱ አክቲንን ይለቃል። ሲሰነጠቅ ራሱ ለሚቀጥለው ጉተታ ይዘጋጃል፤ እንደገና ይዞ ፎስፌቱን ሲለቅ ይጎትታል። በሬው ከታረደ በኋላ ጡንቻው ከክሬአቲን ፎስፌትና ከግላይኮጅን ለጊዜው ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል፤ ትኩሱ ሥጋ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። እነዚህ ሲያልቁ ራሶቹ እንደነከሱ ይቀራሉ። ሥጋው ቆይቶ የሚለሰልሰውም ማዮሲን ስለለቀቀ ሳይሆን ኢንዛይሞች ሌሎቹን ፕሮቲኖች ስለሚቆራርጧቸው ነው።

ረጅም መንገድ ተነድቶ መጥቶ ሳያርፍ የታረደ በሬ ግላይኮጅኑን መንገድ ላይ ስለጨረሰ ቶሎ ግትር ይላል። ሥጋው በቂ አሲድ ስለማያፈራም ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ለቅርጫ በሬ የሚገዛ ሰው ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ሣርና ውሃ እየሰጠ ቢያሳርፈው ይሻላል።